ኳንተም ፊዚክስ አእምሮን ያስረዳል? ወንድሜ መድኃኒቱን ካቆመ በኋላ ያነበብኩት

ጮራ (ክሩን የከፈተች)
ሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። የሚጥል በሽታ አለበት። ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ማታ ማታ ፌኖባርቢታል ይወስዳል። መድኃኒቱን እስኪያቆም ድረስ ለሦስት ዓመታት አንድም ቀን ጥሎት አያውቅም ነበር። በሽታው እንዳለበት እንኳ ዘንግተን ነበር።

ክረምት ላይ ቴሌግራም ላይ አንድ ስልጠና አየ። «የኳንተም አእምሮ» ይላል፤ ኳንተም የአቶምና ከዚያ ያነሱ ነገሮች ፊዚክስ ነው። ለሦስት ቀኑ ስልጠና ከኪስ ገንዘቡ አጠራቅሞ ከፈለ። እዚያ የተነገረው ባጭሩ ይሄ ነው፦ አእምሮ የኳንተም ኮምፒውተር ነው። ሐሳብህ ሰውነትህን ይለውጣል። መድኃኒት ደግሞ የአንጎልህን ፍሪኩዌንሲ ወደ ታች ይጎትታል። ማስረጃ ሆኖ የቀረበው የአንድ ሰው ስም ነው፤ የኖቤል ተሸላሚው ሮጀር ፔንሮዝ።

ወንድሜ ለማንም ሳይናገር ክኒኑን አቆመ። በዘጠነኛው ቀን፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እማዬ ቡና እያፈላች ሳለ ረከቦቱ ላይ ወደቀ። ሲኒዎቹ ተሰባበሩ። የከሰል ምድጃው ከእጁ ቢርቅ አንድ ስንዝር ነው። እማዬ ምድጃውን በእግሯ ገፍታ ልጇን በጎኑ አዞረችው። እኔ ስልኬ ላይ ደቂቃ እቆጥር ነበር። አራት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ለቀቀው። በማግስቱ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፊዚክስ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ነክቼ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ለምጃለሁ። ሒሳብ ሲቀርብልኝ ደረሰኙን እጠይቃለሁ። እዚህም ያደረግኩት ያንኑ ነው።

መጀመሪያ ፔንሮዝን ፈለግኩ። የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ2020 ነው፤ ጥቁር ጉድጓድ እንዴት እንደሚፈጠር በሠራው ሥራ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስለ አእምሮ አልተሸለመም። ስለ አእምሮ የጻፈውም ቢሆን ስልጠናው ላይ ከተባለው ጋር አይገናኝም። በ1989 ባወጣው መጽሐፍ የሰው መረዳት በኮምፒውተር ስሌት ብቻ ሊገለጽ አይችልም ብሎ ተከራከረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ስቱዋርት ሐመሮፍ ከሚባል የአሪዞና የማደንዘዣ ሐኪም ጋር አንድ መላምት አቀረቡ። የኳንተሙ ሥራ የሚከናወነው በነርቭ ሴል ውስጥ ባሉ ማይክሮቲዩቡል የሚባሉ ቱቦዎች ነው አሉ። ውፍረታቸው 25 ናኖሜትር ነው፤ ከሰው ፀጉር ወደ 3000 ጊዜ የቀጠኑ ናቸው።

እዚህ ጋ ጥርጣሬ ገባኝ። እነዚህ ቱቦዎች ነርቭ ውስጥ ብቻ አይደሉም። ጉበታችን ውስጥ አሉ። የጤፍ ሥር ውስጥ አሉ። እማዬ ለእንጀራ የምታስቀምጠው እርሾ ውስጥ ያሉት ሕያዋን እንኳ አሏቸው። የሴሉ አጽም ናቸው፤ ዕቃ የሚመላለስባቸው መንገዶችም ናቸው። ሴል ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። ታዲያ ጉበት ውስጥ ገመድና መንገድ የሆነ ነገር አንጎል ውስጥ ንቃተ ህሊና የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ለዚህ የሚያረካ መልስ አላገኘሁም።

ከዚያ ሌላውን ወገን አነበብኩ። ልቤን የነካው የሆጅኪንና የሐክስሊ ታሪክ ነው። ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው። ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳ አለ። አንዱ የነርቭ ክሩ በጣም ወፍራም ስለሆነ በዓይን ይታያል፤ አንድ ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። እዚያ ውስጥ ሽቦ አስገብተው ኤሌክትሪኩን ለኩ። ሶዲየም ሲገባ፣ ፖታሲየም ሲወጣ፣ እያንዳንዱን በቀመር ጻፉት። ቀመሩ ትክክል ከሆነ ምልክቱ በነርቩ ውስጥ የሚሮጥበትን ፍጥነት መናገር አለበት። ሐክስሊ በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና ለሳምንታት አሰላው። በሰከንድ 18.8 ሜትር ወጣ። በእውነተኛው ነርቭ ላይ ሲለካ 21.2 ሜትር ነበር። ይህ የታተመው በ1952 ነው፤ በ1963 ኖቤል አሸለማቸው። ይህን ሳነብ ሌሊት 7 ሰዓት ነበር፣ ከአልጋዬ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ጨውና ኤሌክትሪክ ብቻ ይዘው ሒሳቡን ይህን ያህል አቀራረቡት።

የኳንተም አእምሮ ወገን እንዲህ ያለ ደረሰኝ የለውም። ያለው ሌላ ዓይነት ነገር ነው። ዴቪድ ቻልመርስ የሚባል ፈላስፋ የክርክሩን አካሄድ ልቅም አድርጎ አይቶታል። ንቃተ ህሊና ምስጢር ነው፤ ኳንተምም ምስጢር ነው፤ ስለዚህ የሁለቱ ምስጢር ምንጭ አንድ ሳይሆን አይቀርም የሚል ነው ይላል። እኔ ሁለት ያልተወራረደ ሒሳብ አንድ ፋይል ውስጥ ባስቀምጥ ተወራረደ አይባልም።

ፊዚክስና ሕክምና የምታውቁ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ከልቤ ነው የምጠይቀው።

በረዶ_ቤት
ሰኞ ማታ 4:15

እህቴ ጮራ፣ ወንድምሽን እግዜር ይማረው። በጎኑ ማዞራችሁ ትክክል ነው።

እኔ ጀርመን አገር ፒኤችዲ እየሠራሁ ነው። ሥራዬ የኳንተም ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ «አእምሮ የኳንተም ኮምፒውተር ነው» ሲባል ዓይኔ ላይ ድቅን የሚለው በየቀኑ የማየው ማቀዝቀዣ ነው። ልንገራችሁ።

ከጣሪያ ተንጠልጥሏል። ወርቅ የተቀቡ የመዳብ ሳህኖች አንዱ ካንዱ ሥር ተደርድረዋል፤ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ይቀዘቅዛል። የመጨረሻው ሳህን ላይ ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት) በአንድ ዲግሪ መቶኛ ገደማ ብቻ ነው የሚበልጠው። ቺፑ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ለማቀዝቀዝ ብቻ ቀናት ይፈጃል። ከውጭ በኬብል ሾልኮ የሚገባ ትንሽ ሙቀት፣ የፓምፕ ንዝረት፣ ሁሉም ይረብሸዋል። ይህን ሁሉ አድርገን እንኳ ጥሩ የሚባሉት ክዩቢቶች (የኳንተም ኮምፒውተሩ ማስሊያ ክፍሎች) የኳንተም ጠባያቸውን የሚይዙት ለሰከንድ አሥር ሺህኛ ገደማ ነው። ምርጦቹ ወደ አንድ ሺህኛ ይጠጋሉ።

አንጎል 37 ዲግሪ ነው። በፊዚክስ ሚዛን 310 ኬልቪን። እርጥብ ነው። እያንዳንዷ ሞለኪውል ያለ እረፍት በውኃ ትመታለች። ማክስ ቴግማርክ የሚባል ፊዚሲስት በ2000 ይህን አስልቶታል። በእንዲህ ያለ ቦታ የኳንተም ሁኔታ ሳይፈርስ የሚቆየው ቢበዛ ለሰከንድ አሥር ትሪሊዮንኛ ነው፤ ቢያንስ ደግሞ ከዚያም አሥር ሚሊዮን ጊዜ ያጥራል። አንድ ነርቭ ለመተኮስ፣ ማለትም ምልክቱን ለመላክ፣ አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ልዩነቱ ቢያንስ 10 ቢሊዮን እጥፍ ነው። ነርቩ ገና ሳይነቃነቅ ኳንተሙ አልቋል።

ለፍትሐዊነት ልጨምር። ሐመሮፍና ባልደረቦቹ በ2002 መልስ ሰጥተዋል። ቴግማርክ ያሰላው የእኛን ሞዴል አይደለም ብለው ጊዜውን ወደ አሥርና መቶ ማይክሮሰከንድ አሳደጉት። ክርክሩን አክብሬ ነው ያነበብኩት። ግን ያም ቢሆን ራሳቸው መጀመሪያ ከጠየቁት 25 ሚሊሰከንድ ብዙ ያንሳል።

ሐረግ
ሰኞ ማታ 4:32

በረዶ_ቤት፣ «የኳንተም ጠባይ» ስትል ምን ማለትህ ነው? እኔ ሶሻል ሳይንስ ነኝ። ስለ ኳንተም የማውቀው «ሰው ካየው ይለወጣል» የሚለውን ብቻ ነው። ቲክቶክ ላይ ሞልቷል።

በረዶ_ቤት
ሰኞ ማታ 5:05

ጥሩ ጥያቄ ነው። በሁለት ልክፈለው።

ጠባዩ ማለት ኅብር ነው ልበል። ማኅሌት ቆማችሁ ታውቁ ይሆናል። መሪጌታው ሲያነሳ ሃምሳ ጸናጽል አንድ ላይ ከፍ ይላል፤ አንድ ላይ ይወርዳል። ሃምሳ ሰው መሆኑ ይጠፋና አንድ ድምፅ ይሰማል። አሁን እነዚያኑ ካህናት መርካቶ መሐል አቁማቸው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እያንዳንዱን እየነካ «እንደምን ዋሉ» ይበለው። ማንም ክፉ አላደረገም። ግን ከአፍታ በኋላ አንድ ድምፅ የለም፤ ሃምሳ የተለያየ ኳኳታ ነው። ኳንተሙ የሚፈርሰው እንዲሁ ነው። አካባቢው በነካካው ቁጥር እርስ በርስ የነበረው ስምምነት ወደ አካባቢው ይፈስሳል።

«ሰው ካየው» የሚለው ግን ስሕተት ነው። ተመልካች ሲሉ መለኪያ ማለታቸው ነው። እኔ ሙከራውን አስጀምሬ ማታ ቤቴ ሄጄ እተኛለሁ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፤ መብራቱ ጠፍቷል። ጠዋት ስመጣ የሌሊቱ ልኬት ሁሉ ተመዝግቦ ይጠብቀኛል። መሣሪያው ለመለካት የኔን ህሊና አልጠበቀም። እርግጥ ዩጂን ዊግነርን የመሰለ ትልቅ ፊዚሲስት በ1961 ህሊና ሚና አለው ብሎ ጽፏል። በኋላ ግን ራሱ ሐሳቡን ትቶታል። ቲክቶክ ላይ ይህ ሁለተኛው ክፍል አይነገርም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ንስር_ዓይን
ማክሰኞ ጠዋት 1:50

ጮራ፣ ስለ ወንድምሽ በጣም አዝኛለሁ። ያ አሰልጣኝ ያደረገው በደል ነው። ግን በእሱ ምክንያት ፔንሮዝን አብራችሁ እንዳትጥሉት እፈራለሁ።

«አንጎል ሞቃትና እርጥብ ነው» የሚለው መልስ ድሮ አሳማኝ ነበር። አሁን ግን ዕፅዋት በፎቶሲንተሲስ ውስጥ ኳንተም እንደሚጠቀሙ በ2007 ታትሟል። ወፎች የምድርን መግነጢስ በዓይናቸው የሚያዩት በኳንተም ነው ይባላል። አውሮፓ ሲበርድ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ድረስ የሚመጡትን ወፎች አስቡ። ቅጠልና ወፍ ከቻሉ አንጎል የማይችልበት ምክንያት ምንድን ነው? ደግሞም ሁሉም ነገር መሠረቱ ኳንተም ነው። ሳይንስ ስንቱን «አይሆንም» ብሎ በኋላ ተቀብሏል።

በረዶ_ቤት
ማክሰኞ ጠዋት 3:30

ንስር_ዓይን፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በ2007ቱ ጽሑፍ ሰክሬ ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ያ ሙከራ የተደረገው በአረንጓዴ ባክቴሪያ ፕሮቲን ላይ ነው፤ በ77 ኬልቪን። ያ ከዜሮ በታች ወደ 196 ዲግሪ ነው። የታየው የምልክት መወዛወዝ ነው። ኃይሉ በኳንተም ኅብር ይጓዛል ተብሎ ተተረጎመ። ጋዜጣው ሁሉ ጻፈው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2017ና በ2020፣ ሌሎች ቡድኖች በጥንቃቄ መረመሩት። ያ ለረጅም ጊዜ የቆየው መወዛወዝ በአመዛኙ የሞለኪውሎቹ ተራ ንዝረት ሆኖ ተገኘ። የኤሌክትሮኑ ኅብር ግን ወዲያው ነው የሚፈርሰው። ይህኛው ዜና የመጀመሪያውን ያህል አልተሰማም።

ወፎቹ ግን የተሻለ ተስፋ አላቸው፤ ይህን አልክድም። ክሪፕቶክሮም የሚባል ፕሮቲን ዓይናቸው ውስጥ አለ። ብርሃን ሲመታው ሁለት ኤሌክትሮኖች ይነጣጠሉና ሽክርክራቸው ለመግነጢስ ስስ ይሆናል። በ2021 የአንድ ተጓዥ ወፍ ፕሮቲን ከሰውነት ውጭ ተፈትኖ ለመግነጢስ ምላሽ ሰጥቷል። በሕያው ወፍ ውስጥ ግን ገና አልተዘጋም። ልብ በል ግን ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ። አንድ ፕሮቲን፣ ሁለት ኤሌክትሮን፣ ማይክሮሰከንድ። ከዚያ በኋላ መልእክቱ በተራ ነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል። ፔንሮዝ የሚፈልገው ደግሞ በብዙ ሺህ ሴሎች ውስጥ ያሉ እጅግ ብዙ ፕሮቲኖች በአንድ ኅብር እንዲቆዩ ነው፤ ለአሥርና ሃያ ሚሊሰከንድ። ከመጀመሪያው ተነስቶ ሁለተኛውን መጠበቅ አንድ ሰው ወንዝ ዘሎ ስለተሻገረ ቀይ ባሕርንም ይዘላል እንደማለት ነው።

«ሁሉም ነገር ኳንተም ነው» ላልከው፣ አዎ ነው። ጨው ወጥ ውስጥ የሚሟሟውም በኳንተም ሕግ ነው። ግን ወጥ ለምን ጨው በዛበት ተብሎ ሲጠየቅ ማንም እዚያ ድረስ አይወርድም። አንጎል ላይም ጥያቄው ያ ነው። ሥራውን ለመግለጽ ከተራ ኬሚስትሪ ያለፈ ኳንተም ያስፈልጋል ወይ? እስካሁን የሚያስፈልግበት ቦታ አልተገኘም።

ሲስተር_ሰናይት_ዘማደንዘዣ
ማክሰኞ ማታ 1:20

እኔ የአንስቴዢያ ባለሙያ ነኝ። 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐመሮፍ የሙያ አጋሬ ስለሆነ ስሙን በአክብሮት ነው የምጠራው። በየቀኑ ንቃተ ህሊና ሲጠፋና ሲመለስ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ መጠየቁ አይገርመኝም። እኔም እጠይቃለሁ።

ፕሮፖፎል ወተት ይመስላል። በክንድ ደም ሥር ሳስገባው ለታካሚዋ «ቁጠሪ» እላታለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ብዙዎቹ አሥር አይደርሱም። ድምፁ አይቀንስም፤ ቃሉ መሐል ላይ ይቆማል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት «ሰባ...» ብላ ቆመች። ሰባት ልትል ነበር። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስትነቃ «ገና አልጀመራችሁም?» አለችኝ። መሐሉ ለሷ የለም። ይህን ሺህ ጊዜ ባየውም አልለመድኩትም።

ሐመሮፍ ማደንዘዣ የሚሠራው ማይክሮቲዩቡሉ ላይ ነው ይላል። የተማርኩትና መረጃው የሚያሳየኝ ግን ሌላ ነው። በነርቭ ሴል ላይ ጋባ የሚባለውን ኬሚካል የሚቀበል በር አለ። ሲከፈት ክሎራይድ ይገባና ነርቩ ይረጋጋል። ፕሮፖፎል ይህን በር ክፍት አድርጎ ያቆየዋል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2003 የታተመ ሥራ አለ። አይጦች ተወሰዱ። በዚያ በር ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ተቀየረች። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ማይክሮቲዩቡሎቻቸውም እንዳሉ ናቸው። እነዚያ አይጦች በፕሮፖፎል እንደ ሌሎቹ አልደነዝዝ አሉ። መድኃኒቱ ዋና ሥራውን የሚሠራው የት እንደሆነ በሩ ራሱ ተናገረ።

ሁሉም ማደንዘዣ በዚህ በር አይሠራም። ኬታሚን ሌላ በር ይዘጋል። የሚተነፈሱት ጋዞች ብዙ ቦታ ይነካሉ፤ የነሱ ዝርዝር አልተጠናቀቀም። ግን «አልተጠናቀቀም» እና «ኳንተም ነው» መሐል ረጅም መንገድ አለ።

ጮራዬ፣ ወንድምሽ አሁን እንዴት ነው? ክኒኑን በራሱ መጀመር ብቻ ሳይሆን ሐኪሙ እንዲያየው አድርጉ። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ከመጀመሪያው የባሰ፣ የማይለቅ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ይህን ክር ለሚያነቡ ሁሉ ነው የምለው።

ንስር_ዓይን
ማክሰኞ ማታ 2:05

ሲስተር፣ አመሰግናለሁ። የአይጦቹን ሙከራ አላውቀውም ነበር። ግን በ2024 ስለታተመው ምን ትያለሽ? ማይክሮቲዩቡልን የሚያጸና መድኃኒት የተሰጣቸው አይጦች በጋዝ ለመደንዘዝ ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘገዩ። ይህ ለሐመሮፍ ወገን አይመሰክርም?

ሲስተር_ሰናይት_ዘማደንዘዣ
ማክሰኞ ማታ 2:50

አንብቤዋለሁ። ጥሩ ጥያቄ የጠየቀ ሥራ ነው። ማይክሮቲዩቡል በማደንዘዣው ላይ ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ያሳያል። ግን እነዚያ ቱቦዎች የነርቩ መንገዶች ናቸው። በሮቹ ራሳቸው ተጭነው ወደ ቦታቸው የሚደርሱት በነሱ ላይ ነው። መንገዱን ካጸናህ ነርቩ በብዙ ተራ ምክንያት ሊለወጥ ይችላል። ሙከራው ኳንተም አልለካም። ቱቦው ድርሻ አለው ማለትና በቱቦው ውስጥ ኳንተም አለ ማለት ሁለት ነገር ነው።

ጋሽ_መምህር
ማክሰኞ ማታ 3:40

ልጆቼ፣ በጨዋነት ስለምትነጋገሩ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። 34 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከፔንሮዝ ክርክር ማንም ያልነካው ሥሩ አለ፤ እሱ የኔ መስክ ነው።

ፔንሮዝ ከኳንተም አልጀመረም። የጀመረው ከሎጂክ ሊቁ ከኩርት ጎደል ነው። ጎደል በ1931 ያረጋገጠው ይህን ነው። በሕግ የተዋቀረ፣ እርስ በርሱ የማይጋጭና ቢያንስ ተራ ቁጥሮችን የሚችል የሒሳብ ሥርዓት ውሰዱ። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሊረጋገጥ የማይችል እውነት ሁልጊዜ ይኖራል። ፔንሮዝ እዚህ ላይ ቆሞ እንዲህ አለ፦ ማሽኑ ያን እውነት ሊያረጋግጥ አይችልም፤ እኛ ግን እውነት መሆኑን እናያለን፤ ስለዚህ እኛ ማሽን አይደለንም። ማሽን ካልሆንን ከስሌት ውጭ የሆነ ፊዚክስ አንጎላችን ውስጥ አለ። ኳንተሙ የመጣው ይህን ቀዳዳ ለመሙላት ነው። መሠረቱ ከተናጋ ቱቦዎቹ የሚሸከሙት ነገር የለም።

መሠረቱ ደግሞ ይናጋል። የጎደልን ዓረፍተ ነገር እውነት ነው ለማለት ሥርዓቱ እንደማይጋጭ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ የራሳችን አስተሳሰብ እንደማይጋጭ በምን እናውቃለን? ሒላሪ ፑትናምና ሰሎሞን ፌፈርማን የመሳሰሉ የሎጂክ ሊቃውንት ፔንሮዝን የሞገቱት በዚህ ዙሪያ ነው።

አንድ ቀን ልንገራችሁ። 11ኛ ክፍል ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ማረጋገጫ እየጻፍኩ ነው። ጠመኔው እስኪያልቅ ጻፍኩ። እውነት መሆኑ ፊት ለፊቴ እንደ ፀሐይ ይታየኛል። ክፍሉ ሁሉ ጻፈ። ከኋላ የተቀመጠች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ በዜሮ ነው ያካፈሉት» አለች። ቆሜ አየሁት። ልክ ነበረች። ያቺ «አየሁት» የምትል ስሜት፣ ስትሳሳትም ስትይዝም አንድ ናት። ፔንሮዝ የሰውን ማስተዋል ከስሌት በላይ ሲያደርገው ያቺን ልጅ አስታውሳለሁ።

ፔንሮዝን ግን አከብረዋለሁ። ሐሳቡን ሊፈተን በሚችል መልክ አቅርቧል። ይህን ሁሉም አያደርገውም።

በረዶ_ቤት
ማክሰኞ ማታ 4:20

ጋሼ፣ እርስዎ የመጨረሻውን ስላነሱ፣ ተፈትኗልም። ፔንሮዝ የኳንተም ሁኔታ በስበት ምክንያት በራሱ ይወድቃል፣ ማለትም ይፈርሳል፣ ይላል። ላዮሽ ዲዮሲ የሚባል ሃንጋሪያዊም ተመሳሳይ ሐሳብ ነበረው። ያ መውደቅ ቀለል ባለው የሐሳቡ መልክ ትንሽ ጨረር ማስወጣት አለበት። ጣሊያን ውስጥ ግራን ሳሶ በሚባል ተራራ ሥር፣ 1400 ሜትር ዐለት ከላይ ባለበት ላብራቶሪ፣ ጀርማኒየም መለኪያ አስቀምጠው ጠበቁ። የሚጠበቀው ጨረር አልመጣም። በ2020 ታተመ። ዲዮሲ ራሱ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነው፤ የራሱን ሐሳብ ሲፈትን ማለት ነው። ይህን ሰው ማክበር ይገባል። በ2022 ያንኑ ውጤት ወደ አእምሮው መላምት አመጡትና ቀላሉ መልኩ የማይመስል ነው አሉ። ፔንሮዝ የኔ መልክ ጨረር አያወጣም ይላል፤ እሱን ይህ ሙከራ አልነካውም። ስለዚህ ተዘግቷል አልልም። ጠብቧል እላለሁ።

ወለተ_ጻድቅ
ረቡዕ ጠዋት 2:10

ሁላችሁንም አነበብኩ። አንድ ነገር ልቤን ይከብደዋል። አንጎል ጨውና ኤሌክትሪክ ነው ካላችሁ ነፍስ የት ሄደች? ብዙ ሰው ኳንተም ሲባል ደስ የሚለው ለነፍስ ቦታ ያገኘ ስለሚመስለው ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ጮራ
ረቡዕ ጠዋት 4:00

ወለተ ጻድቅ፣ ይህን በግልጽ ስለጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። እኔም አማኝ ነኝ። እማዬ ወንድሜን ጠበል ታስጠምቀዋለች፤ እኔም አብሬ ሄጃለሁ። ጠበልም ክኒንም አብረው ይሄዳሉ፤ ንስሐ አባታችንም ያሉን ይህንኑ ነው። እምነቴ ግን 25 ናኖሜትር ቱቦ ላይ እንዲንጠለጠል አልፈልግም። አንድ መለኪያ ተራራ ሥር ጨረር ባለማየቱ የሚወድቅ ነገር አይደለም። እዚህ የምንነጋገረው ነርቭ እንዴት እንደሚተኮስ ነው።

ንስር_ዓይን
ረቡዕ ማታ 1:15

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ኳንተም አንጎል ውስጥ ድርሻ ሊኖረው ይችላል ብዬ አሁንም ተስፋ አደርጋለሁ። ለምሳሌ የካሊፎርኒያው ፊዚሲስት ማቲው ፊሸር በ2015 ያቀረበው ሐሳብ አለ፤ ከኤሌክትሮን ይልቅ የፎስፈረስ ኒውክሊየስ (የአቶሙ እምብርት) ሽክርክር ነው የሚለው። ቢያንስ በረዶ_ቤት የሚለውን የመፍረስ ችግር ከመጀመሪያው አስቦበታል። ግን ከእንግዲህ ሰው ሲጠይቀኝ «ተረጋግጧል» አልልም። እስካሁን እል ነበር። ፎስፈረሱም ገና ሐሳብ ነው።

በረዶ_ቤት
ረቡዕ ማታ 1:40

የፊሸርን እኔም እወደዋለሁ። ምን ቢገኝ ልክ፣ ምን ቢገኝ ስሕተት እንደሚሆን ይናገራል። ላብራቶሪ ውስጥ ልትሠራበት ትችላለህ።

ጮራ
ረቡዕ ማታ 3:25

ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሳይጠራ ነው የመጣው። ሰኞ ሐኪሙ አይቶታል፤ መጠኑን አስተካክሎለት ጀምሯል።

ሲስተር ጋ ሲደርስ ቆመ። «ፌኖባርቢታልም በዚያው በር ነው የሚሠራው?» አለኝ። አላወቅኩም። ሲስተር፣ ንገሪልኝ። ደግሞ አሰልጣኙ ስለ ፍሪኩዌንሲ ያለው ጨርሶ መሠረት የለውም ወይ ብሎ እየጠየቀ ነው።

ሲስተር_ሰናይት_ዘማደንዘዣ
ረቡዕ ማታ 3:50

አዎ፣ ዋናው ሥራው እዚያው የጋባ በር ላይ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቶሎ እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ክሎራይዱ ይገባል፣ ነርቩ ይረጋጋል፣ ብዙ ነርቮች በአንድ ጊዜ መተኮሳቸው ይከለከላል። የሚጥለው ያ በአንድ ጊዜ መተኮስ ነው።

ፍሪኩዌንሲ ለሚለው፦ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መንቀጥቀጥ ለማቆም የምንሰጠው ዲያዜፓም አለ። እሱ ያንኑ በር በተደጋጋሚ እንዲከፈት ያደርጋል። በሩ ስንት ጊዜ ተከፈተ ተብሎ ይቆጠራል፤ ይለካል። ወንድሜ፣ ፍሪኩዌንሲ ማለት እዚህ ይህ ነው። ወደ ታች የሚጎትትህ ነገር የለም።

ጮራ
ረቡዕ ማታ 4:05

ደብተሩ ላይ በር ስሏል። አንድ ክፍት፣ አንድ ዝግ። ክኒኑን ማታ 3 ሰዓት ላይ ወስዷል። እማዬ ትናንት ስድስት ሲኒ ገዝታ መጥታለች።